እማማ፣ ስምዎ የለም

ስልኬ የጠራው አጎቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ አረንጓዴ መስመሮችን እያየሁ ሳለ ነው። ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ ጊዜው የ2014 ዓ.ም. የግንቦት መጨረሻ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ መጥቆር የሚጀምርበት፣ ገበሬው አንድ ዓይኑን ደመናው ላይ ሌላውን ማሳው ላይ የሚያደርግበት ሰሞን። ላፕቶፔ ላይ 38 ቴስቶች ነበሩ፤ 38ቱም አልፈዋል። ኮድ የማይጽፍ ሰው ይህ ምን ዓይነት ደስታ እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ፈተናውን ራስህ አውጥተህ፣ ራስህ ተፈትነህ፣ ራስህ አርመህ መቶ ከመቶ ስታመጣ የሚሰማህ ደስታ ነው በሉት። (ችግሩም እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀምጧል፤ ያኔ ግን አልታየኝም።)

የደወለችው ቡሬ ያለችው መዝጋቢ ናት።

«ዛሬ አስራ አንድ ሰው መለስን» አለችኝ።

«ለምን?»

«ስማቸው የለማ።»

«ያልተመዘገቡ ይሆናሉ» አልኳት። ይህን ስል ዓይኔ ከአረንጓዴዎቹ መስመሮች ላይ አልተነሳም።

ትንሽ ዝም አለች። «አንዷ እናት ግን አልሄድም ብለው እስከ አስር ሰዓት ቁጭ አሉ። እማማ፣ ስምዎ የለም ስላቸው ምን አሉኝ መሰለህ? ‹እኔ ይኸው አለሁ፤ ስሜ የት ሄዶ ነው?›»

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ቡሬ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ አሁን አዲስ አበባ ለሰው ኮድ እየጻፍኩ እኖራለሁ። በዚያ ዓመት እረፍቴን ወስጄ አገሬ በገባሁበት ሰሞን፣ ምርጥ ዘር ለአባላቱ የሚያከፋፍል አንድ ማኅበር «ከዚህ የደብተር ጣጣ ገላግለን» አለኝ። የማኅበሩን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። አባላቱ ከቡሬ ዙሪያ፣ ከወምበርማ፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከቋሪትና ከደምበጫ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ስማቸው በሦስት ሰዎች እጅ ኤክሴል ላይ ተለቅሞ ነበር። እኔ የሠራሁት ያንን ወደ አንድ ዌብሳይት የሚያስገባና በሰንጠረዥ የሚያሳይ ቀላል ነገር ነው። ስም፣ ወረዳ፣ የመሬት ስፋት በቃዳ፣ የተመዘገቡበት ቀን፣ የሚደርሳቸው ዘር። ከሰንጠረዡ በላይ ወረዳ የሚመረጥበት ሳጥን አለ፤ ከጎኑ ስም የሚጻፍበት። ወረዳ ስትመርጥ የሌላው ወረዳ ሰው ከዓይንህ ይጠፋል። ፊልተር ማለት ይኸው ነው። በየቀኑ ስልካችሁ ላይ የምትነኩት ነገር ነው፤ ልብ ብላችሁት አታውቁም እንጂ።

ዘር ለማይዘራ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የኛ አገር ሰው ቢኤች 660 ወይም ሊሙ የሚላቸው በቆሎዎች ዲቃላ ናቸው። ከአምናው ጎተራ ዘግነህ ብትዘራው ይበቅላል፣ ምርቱ ግን ያምናው አይሆንም። ስለዚህ ዘሩ በየዓመቱ ይገዛል። ዝናቡ ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። በዚያ ሰሞን «ሰኞ ተመለሱ» ማለት ቢሮ ውስጥ «ሰኞ ተመለሱ» እንደማለት አይደለም።

አሁን ወደ ቴስቱ። ሶፍትዌር ስንሠራ፣ ሥራችንን የሚፈትሽ ሌላ ፕሮግራም አብረን እንጽፋለን። ብራውዘር ራሱ ይከፍታል፣ እንደ ሰው ይጫናል፣ ይመርጣል፣ ከዚያ «ይህ እውነት መሆን አለበት» ብለን ያስቀመጥነውን መስመር ያመሳክራል። ያቺን መስመር በእንግሊዝኛው አሰርሽን እንላታለን። እውነት ከሆነች አረንጓዴ፣ ካልሆነች ቀይ። እኔ ፕሌይራይት በሚባለው መሣሪያ ነበር የምጽፈው። የወረዳው ፊልተር ቴስት በአማርኛ ቢነበብ እንዲህ ነበር የሚለው፤ ወምበርማን ምረጥ፤ የሚታዩትን ረድፎች በሙሉ ሰብስብ፤ እያንዳንዱ ረድፍ ወረዳው «ወምበርማ» ይሁን።

ጥሩ አይመስልም? ለኔም ጥሩ መስሎኝ ነበር።

ይቺ መስመር እንደምትዋሽ መጀመሪያ ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰርቨሩን ማስነሳት ረስቼ ቴስቱን ሮጥኩት። ዳታ የሚባል የለም፤ ሰንጠረዡ ባዶ፤ ቴስቱ ግን አረንጓዴ! መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። ኋላ ሳስበው ግን ሒሳቡ ልክ ነው። ልጅ የሌለው ሰው «ልጆቼ ሁሉ ሐኪሞች ናቸው» ቢል ሐሰተኛ ልትሉት አትችሉም፤ ሐኪም ያልሆነ አንድ ልጁን ማምጣት አለባችሁ። የጃቫስክሪፕቷ «ኤቭሪ» የምትባል ተግባርም እንዲሁ ናት፤ ባዶ ዝርዝር ሰጥታችሁ «ሁሉም እንዲህ ናቸው?» ብትሏት «አዎ» ነው መልሷ። ላም አለኝ በሰማይ። ከዚያ ወዲህ «ቢያንስ አንድ ረድፍ ይኑር» የሚል መስመር ጨመርኩና ተኛሁ።

ሁለተኛው ውሸት የጊዜ ነው። ሰው ወረዳ ሲመርጥና ሰንጠረዡ ሲለወጥ መሀል ትንሽ ክፍተት አለ፤ ለሰው ዓይን ምንም ነው፣ ለቴስት ግን ብዙ ነው። የኔ ቴስት መረጠና ወዲያው አነበበ። ያነበበው አዲሱን ሳይሆን ገና ያልተለወጠውን ሰንጠረዥ ነበር። የፈተና ዳታዬ መጀመሪያ ላይ ያሉት ረድፎች እንዳጋጣሚ ሁሉም ከወምበርማ ስለነበሩ አለፈ። ይሄ እንኳ ቀላል ነው፤ ዳታውን ቀላቀልኩት፣ መሣሪያውም የሚጠበቀው ነገር እስኪመጣ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። ሰንጠረዡ በገጽ ሲከፈል ደግሞ ቴስቱ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይቶ «ሁሉንም አየሁ» ይላል። እሱንም አስተካከልኩ። ሦስት ውሸት ይዤ ሦስቱንም ስላረምኩ በራሴ እጅግ ረካሁ። 38 አረንጓዴ የሆነው እንዲህ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ በማንኩሳ አድርጌ ቡሬ ገባሁ። መጋዘኑ ደጃፍ ሰልፉ ገና በሌሊት ነበር የተያዘው። መዝጋቢዋ ላፕቶፑን ወደኔ አዞረችና ከሥሩ አንድ ነገር ሳበች። ጠርዙ የተቀዳደደ፣ ሽፋኑ በፌስታል የተለበጠ ባለ 200 ገጽ ደብተር። «ገላግለን» የተባልኩበት ደብተር እኮ ነው። «እንዳይጠፋ ብዬ» አለችኝ፤ እንዳፈረች ነገር።

ያለፈው ቀን ተመላሾች በሙሉ ደብተሩ ላይ ነበሩ። አስራ አንዱም። እኔ ጣቴን ደብተሩ ላይ፣ እሷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርገን አንድ በአንድ ፈለግን። የመጀመሪያው ሰው ወረዳ፤ ወንበርማ። የሁለተኛው፤ ወንበርማ። የሦስተኛው፤ ወንበርማ።

በ«ን»።

የኔ ሳጥን የሚለው «ወምበርማ» ነው፣ በ«ም»። ስንናገረው ልዩነቱ አይሰማም፤ «ን» ከ«በ» ፊት ስትቆም ከንፈራችን ራሱ ወደ «ም» ይስባታል። ለዚህ ነው ደምበጫም ደንበጫም ተብሎ የሚጻፈው። ኤክሴሉን ከሞሉት ሦስት ሰዎች አንዱ በ«ም»፣ አንዱ በ«ን» ይጽፋል፤ ሦስተኛው እንደ ቀኑ ሁኔታ ነው። እኔ የፈተና ዳታዬን ስጽፍ ግን አንድ ሰው ነኝ፤ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ አጻጻፍ። ቴስቴ ያልታየው ወንበርማ የትም አልነበረም፤ ምክንያቱም እኔ ውስጥ አልነበረም።

ያን ሰዓት የገባኝ ነገር እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ቴስቴ አልዋሸም። «የሚታየው ረድፍ ሁሉ ከወምበርማ ነው» አለ፤ እውነት ነው። ወምበርማ ያልሆነ አንድም ሰው አልገባም። የጠየቅኩት ስለ ገባው ሰው ብቻ ነው። ውጭ ስለቀረው አልጠየቅኩም። ፊልተር ደግሞ ሥራው ሁለት ነው፤ ያሳያል፣ ይደብቃል። የሚያሳየውን ማንም ያየዋል፤ ስህተት ቢኖረው መዝጋቢዋ ራሷ «ይሄ ሰው የቋሪት አይደለም እንዴ?» ትላለች። የሚደብቀውን ግን ማን ያየዋል? ያልታየን ሰው ስህተት ነው የሚል ሰው የለም፤ ራሱ ሰውዬው ካልሆነ በቀር። እሱን ደግሞ «ያልተመዘገቡ ይሆናሉ» ብለን እንመልሰዋለን።

«እሳቸውስ?» አልኳት፤ እስከ አስር ሰዓት የተቀመጡትን ማለቴ ነው። «ወረዳውን ትተሽ በስም ብቻ አልፈለግሻቸውም?»

«ፈልጌያለሁ እንጂ!» ተቆጣች፤ መቆጣቷ ልክ ነው። ትናንት የጻፈችውን ደግማ ጻፈችልኝ። እውነተኛ ስማቸውን እዚህ አላወጣም፤ ፀሐይ እንበላቸው። እሷ የጻፈችው «ጸሃይ» ነው። መዝገቡ የሚለው «ፀሐይ» ነው። ሰንጠረዡ ባዶ።

እስቲ ይህን ስም በስንት መንገድ መጻፍ እንደሚቻል ቁጠሩ። መጀመሪያዋ ፊደል ጸ ወይም ፀ ናት፤ ሁለት። ሁለተኛዋ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ልትሆን ትችላለች፤ ስድስት። ሁለት በስድስት 12። አንድ ሴትዮ፣ አንድ አጠራር፣ 12 አጻጻፍ። ለሰው ሁሉም ፀሐይ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን 12 የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ዩኒኮድ ለእያንዳንዷ ፊደል የየራሷን ቁጥር ሰጥቷልና። ሠ 1220 ናት፣ ሰ 1230። ዩኒኮድ ራሱ የተለያየ አጻጻፍ የሚያስማማበት ሥርዓት አለው፤ ግን እነዚህን ሞክሼ ፊደላት አይነካቸውም። ትክክልም ነው፤ ለምን ትክክል እንደሆነ አጎቴ ሲናገር ትሰማላችሁ።

እዚህ ላይ አንዲት ቅሬታ ላስገባ። የፊልተር ቴስት አጻጻፍ የተማርኩት እንደ አብዛኞቻችን ከእንግሊዝኛ ቪዲዮ ነው። እዚያ ሁሌ የመጀመሪያው ምክር «በትልቁም በትንሹም ፊደል ፈልገህ ሞክር» የሚል ነው። እኔም ታዝዤ ሞክሬያለሁ። አማርኛ ስም ባለው ሰንጠረዥ ላይ! ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ያ ቴስት ከ38ቱ አንዱ ነበር፤ በየቀኑ አረንጓዴ ሆኖ ምንም ሳይፈትሽ ይውል ነበር። የኛ ትልቅና ትንሽ ሰ እና ሠ ነው፣ አ እና ዐ ነው፣ ቋሪት እና ቁዋሪት ነው፣ «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተሰላም» ነው። ይህን የሚነግር ቪዲዮ አላየሁም፤ እኔም ቢሆን ፊደል ቆጥሬ ያደግኩ ሰው ሆኜ ማስታወስ ነበረብኝ።

የዚያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ የበቆሎ ከረጢት ላይ ተቀምጬ አዲስ ቴስት ጻፍኩ። ሐሳቡ የኔ አይደለም፤ የእረኛ ነው። እረኛ ማታ ከብቱን ሲያስገባ «የገባው ሁሉ የኛ ነው?» ብቻ ብሎ በረቱን አይዘጋም። ይቆጥራል። ጠዋት የወጣው ስንት ነው፣ የገባው ስንት ነው። ስለዚህ ቴስቱ እንዲህ አለ፤ ፊልተር ሳይኖር ያሉትን ረድፎች ቁጠር። ከዚያ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ወረዳዎች አንድ በአንድ ምረጥና የእያንዳንዱን ብዛት ደምር። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ይሁኑ። በቃ። ስለ ወንበርማም ሆነ ስለ ሞክሼ ፊደል ምንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ መገኘት አለበት።

እውነተኛውን መዝገብ ገልብጬ ሮጥኩት። ቀይ። ጠቅላላ 638፤ ድምር 597።

አርባ አንድ ሰው የትም አልነበረም። ትናንት የመጡት አስራ አንድ ስለነበሩ እንጂ ሠላሳው ገና ወደ ሰልፉ እየመጡ ነበር። አርባ አንዱን ዘረዘርኳቸው፤ 19 በ«ወንበርማ»፣ 9 በ«ደንበጫ»፣ 6 በ«ቁዋሪት»፣ 5 ተያይዞ በተጻፈ «ጃቢጠህናን»፣ ሁለቱ ደግሞ አጻጻፋቸው ፍጹም ልክ ሆኖ ከኋላቸው አንዲት የማትታይ ባዶ ቦታ የነበረባቸው። በዓይን ስታያቸው ምንም የላቸውም። አንዲት ስፔስ አንድ ገበሬ ታስቀራለች።

ያው ቴስት በወር ፊልተሩም ላይ ሲሮጥ ሌላ ጉድ ወጣ። የመመዝገቢያ ወር መምረጫው ላይ 12 ወር ነበር ያስቀመጥኩት። ከፈረንጅ ካላንደር ኮድ ገልብጬ ስሞቹን ወደ መስከረም፣ ጥቅምት ስቀይር ጳጉሜን ቀረች። የ13 ወር ፀጋ አገር ልጅ ነኝ እኮ! ጳጉሜን ውስጥ የተመዘገቡት ጥቂት ናቸው፤ ግን ወር ሲመረጥ የትም አይገኙም። «የሚታየው ረድፍ ሁሉ የመስከረም ነው» የሚለው አሮጌ ቴስቴ እሷንም ሳያይ አረንጓዴ ነበር።

ወረዳውን ማስተካከል የሰዓታት ሥራ ነው፤ የሚጻፍ ሳይሆን ከዝርዝር የሚመረጥ አደረግኩት፣ አርባ አንዱን አረምኩ። ስም ግን ከዝርዝር አይመረጥም። ስለዚህ መፍትሔው ፍለጋው ላይ ነው፤ ሰውየው «ጸሃይ» ብሎ ቢጽፍም ፊደላቱን ወደ አንድ ወገን ሰብስቦ «ፀሐይ»ን እንዲያገኝ ማድረግ። ማታ ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ይህን ለአጎቴ በኩራት ነገርኩት። አጎቴ በወጣትነቱ የዋሸራን ቅኔ ሲቀኝ የኖረ ሰው ነው። ሰምቶኝ ሲያበቃ ፊቱ ተለወጠ።

«ሁሉንም ሰ አደረግከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሠረቀ በንጉሡ ሠ ወጣ ማለት ነው፤ ፀሐይ ሠረቀ። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሌባ ሆነ ማለት ነው። አንተ ፀሐይቱን ሌባ አደረግካታ! ዓመት በዓይኑ ዐ ዘመን ነው፤ አመት በአልፋው አ ገረድ ናት። ዘመኑን ገረድ ልታደርገው ነው?»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ቆይቼ ሳስበው ልክ ነው፤ በግዕዙ እነዚህ ፊደላት ትርጉም ይለያሉ፣ ዩኒኮድ ለየብቻ ማስቀመጡም ለዚህ ተገቢ ነው። መዝገቡ ላይ የሰውን ስም በራሴ ፈቃድ ለውጬ ማስቀመጥ አልችልም። እናቱ ኃይሉ ያለችውን ሰው ሀይሉ ብዬ አልጽፈውም። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጣል፣ እንደተጻፈ ይታያል። ከጎኑ ግን ማንም የማያየው አንድ የተሰበሰበ ቅጂ ይኖራል፤ ፍለጋው የሚመሳከረው በእሱ ነው። «እንደዚያ ከሆነ ይሁን» አለ፤ ግማሽ ልቡን ይዞ።

ከዚያ ለዚህ ቴስት ጻፍኩ፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድጓድ ገባሁ። ቴስቱ «የሚጠበቀው መልስ» ያስፈልገዋል፤ «ጸሃይ» ሲባል እነማን ይምጡ? ሰነፍ ነኝና መልሱን በእጄ ከመዘርዘር ይልቅ ያንኑ ፊደል ሰብሳቢ ኮዴን ጠርቼ አሰላሁት። አረንጓዴ። ታዲያ እንዴት አረንጓዴ አይሆን! ተከሳሹም ምስክሩም አንድ ሰው ነው። ኮዴ ከተሳሳተ ቴስቴም አብሮ ይሳሳታል፣ ተስማምተው ይሳሳታሉ።

አጎቴን ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠሁት። «ጋሼ፣ ፀሐይ የሚለውን ስም ሰው ሊጽፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ ጻፍልኝ።» መነጽሩን አድርጎ፣ እያንዳንዷ ስህተት እያመመችው፣ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈቱ 12ቱንም ጻፈ። ከዚያ ሳልጠይቀው ቀጠለ፤ ዓለሙን፣ ኃይሉን፣ ሠናይትን። እኔ ያንን ወረቀት ፊደል በፊደል ወደ ቴስቱ ገለበጥኩ። ኮዴን ሳላስጠራ፣ ሳላሰላ። ሮጥኩት። ቀይ። ኃን ረስቻታለሁ፤ ኀን ሰብስቤ አራተኛዋን ኃን ትቻታለሁ። የአገራችን ኃይሎችና ኃይለ ማርያሞች ሁሉ የሚጀምሩባትን ፊደል! የራሴ ቴስት እሷንም ከኮዴ ጋር አብሮ ስለረሳት ሲስማሙ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጻፍኳቸው ቴስቶች ረዘም ያሉና ቀርፋፋ ናቸው፤ ደግሞም ያስጠላሉ። የሚጠበቀው ስም ሁሉ በእጅ ተዘርዝሯል፤ ከሚመጡት ጋር ብዛታቸውም ማንነታቸውም ይመሳከራል። ከሥር ደግሞ ሌላ መስመር አለ፤ መምጣት የሌለባቸው ሁለት ስሞች መዝገቡ ውስጥ መኖራቸውን መጀመሪያ አረጋግጥ፣ ከዚያ አለመታየታቸውን። የመጀመሪያዋ ግማሽ ቀልድ ትመስላለች፤ ግን ጭራሽ የሌለ ሰው «አልታየም» ቢባል ምን ትርጉም አለው? አዲስ አበባ ያሉ የሥራ ባልደረቦቼ ኮዱን ሲያዩ «ይሄ ሁሉ ለአንድ ፊልተር?» ብለውኛል። ቴስቱ በአጭሩ ቢጻፍ ያምራል፣ አውቃለሁ። አልቀየርኩትም።

ሰኞ ጠዋት ቡሬ ነበርኩ። እማማ ፀሐይ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ቀረቡ። መዝጋቢዋ እንዳየቻቸው ብድግ አለች። «እማማ፣ ተገኝቷል፣ ተገኝቷል! ዘሩን አሁን እናስጭንልዎ።»

«ዘሩንስ ዘርቼዋለሁ ልጄ» አሉ።

ሁለታችንም ዝም አልን።

«ዝናቡ ሐሙስ ጣለ። አንዲት በግ ሸጬ ከነጋዴ ገዛሁ። ጥሩ ዘር ይሁን፣ አይሁን እንግዲህ እሱ ያውቃል፤ ሲያፈራ አየዋለሁ።» ቁጣ የለባቸውም፤ ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር። «የመጣሁት ስሜን ላይ ብዬ ነው። ለከርሞ ደግሞ የለም እንዳትሉኝ።»

ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ? እማማ፣ ቴስቴ የጠየቀው ስለሚታየው ረድፍ ብቻ ነበር ልበላቸው? «ጥፋቱ የኔ ነው እማማ» ብቻ አልኳቸው። «አንተ ነህ የማሽኑ ባለቤት?» ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «የማን ልጅ ነህ?» ነገርኳቸው። አባቴን ያውቁታል። ይሄ ነገሩን አባሰው።

ላፕቶፑን ወደሳቸው አዞርኩ። መዝጋቢዋ ወረዳውን መረጠች፣ ከዚያ ትናንትና የጻፈችውን ያንኑ «ጸሃይ» ጻፈች። አንድ ረድፍ መጣ። እማማ ፀሐይ ማንበብ አይችሉም። «የቷ ናት?» አሉኝ። ጣቴን ስማቸው ላይ አደረግኩ። እሳቸውም ጣታቸውን ከጣቴ አጠገብ አድርገው፣ ስክሪኑን ነካ አድርገው ትንሽ ቆዩ።

«ደብተሯስ?» አሉ ወደ መዝጋቢዋ ዞረው። «ደብተሯ ላይም አለሁ አይደል?»

«አሉ እማማ።»

«እሷን እንዳትጥሏት።»

መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየችኝ። ደብተሩ እዚያው ላፕቶፑ ሥር ነበር፤ እንዳለ ተውኩት።